ጉም ለምን ከፋ

አንዳንድ ሰው ሲጨነቅ እንቅልፉ ይመጣል ይባላል። እኔ ስጨነቅ እዞራለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው፣ ቢቸናን እንደ አዲስ ሊለካት የመጣ ቀያሽ ይመስል እመላለሳለሁ። አንድ ቀን አንድ ባለሱቅ "ምን ጠፍቶህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ባልፍ አዘነልኝና አብሮኝ መሬት መሬት ሲያይ ዋለ። መጽሐፍም የማነበው እየዞርኩ ነው። ባለቤቴ "አንተ መጽሐፍ ስትጨርስ የሚያልቀው ወለሉ ነው" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ታደለ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ከልጅነት ጀምሮ አንድ እሱን ነው ያፈራሁት፤ ሌላው ሁሉ የምተዋወቀው ሰው ነው። ታደለ ሞጣ ውስጥ ባነርና ማኅተም የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ቤት አለችው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮሚክ መጽሐፍ ይሥላል፣ ራሱ ያትማል፣ ራሱ በስቴፕለር ይመታል። የኮሚኩ ጀግና ደራሽ ይባላል። ደራሽ ካባውን ደርቦ ይበራል፤ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ዓባይ በረሃ ይገባል፤ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ አውቶብስ በአንድ እጁ ይጎትታል፤ በሌላው እጁ የተሳፋሪውን ዶሮ ይይዛል። ጠላቱ ጉም ነው። ጉም ሾፌሩን መንገድ ያስታል፣ እህል ያሻግታል፣ ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ እንዳይተያዩ ያደርጋል። እስከ ክፍል ሦስት ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ደራሽ ደግ፣ ጉም ክፉ፣ እኔ ደስተኛ።

በቀደም ክፍል አራት በሚኒባስ ረዳት እጅ ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ "ደራሽና ጉም ሳይጣሉ" ይላል። ገና ሳልገልጠው ታደለ ደወለ።

"ደረሰህ? እሑድ ምረቃ አለን። ሂስ የምታቀርበው አንተ ነህ።"

"ለምን እኔ?"

"ቢቸና ውስጥ ካንተ በላይ ነቃፊ አለ እንዴ?"

ይህን ስም ያተረፍኩት አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ በተሰቀለ ባነር ሦስት ግድፈት አግኝቼ፣ ኃላፊው ቢሮው ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ጮኼ ስላነበብኩት ነው። ባነሩን የሠራው ታደለ ነበር። እሱ ስቆ አለፈው፤ እኔ ግን ሃያሲ ሆኜ ቀረሁ።

መጽሐፉን ይዤ መዞር ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ ላይ ሁለት ልጆች አሉ። ከገጠር መጥተው፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየቤታቸው ስንቅ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ እሑድ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። አንደኛው የኋላው ደራሽ ነው፤ ሁለተኛው የኋላው ጉም። እዚህ ላይ እግሬ ቆመ። እኔና ታደለ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እንዲሁ ነበርና። ያቺን የመስኮቷን መዝጊያ በላስቲክ ያሰርንላትን ክፍል ሳይቀር ሥሏታል።

ቀጠልኩ። ጉም፣ ያኔ ገና ጉም ያልሆነው ልጅ፣ መምህሩን ከአንገት በላይ ፍየል አድርጎ በከሰል ግድግዳ ላይ ይሥላል። ሰው ያጋልጠዋል። ይባረራል። በዝናብ እያለቀሰ ጮቄ ላይ ሲደርስ ተራራው በጉም ይዋጣል፤ ጉሙ ሲገለጥ ልጁ የለም፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ጉም ሆኗል። ማን አጋለጠው? ገጽ ሃያ አንድ ላይ ደራሽ መምህሩ ፊት ቆሟል፤ ጣቱን ቀስሯል።

እንግዲህ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልናገር ነው። ታደለ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ዳይሬክተራችንን በከሰል ፍየል አድርጎ ከመማሪያ ክፍላችን ጀርባ ሥሎት ነበር። ቀንዱ ሁሉ ያምራል። በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ እኔን አስጠራኝ። የክፍል አለቃ ስለነበርኩ የቀሪ መመዝገቢያ ደብተር ሊሰጠኝ ነው የጠራኝ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ሲፈልግ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታ አልወድም። መሳቢያውን ዘግቶ ሌላ መሳቢያ ሲከፍት አልቻልኩም፣

"እኔ አይደለሁም፣ ታደለ ነው" አልኩ።

ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ "ምኑን?" አለኝ።

ሥዕሉን ገና አላየውም ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መሪ ሆኜ ግድግዳው ድረስ ወሰድኩት። ታደለ አንድ ዓመት ታገደ። አባቱ "ትምህርቱ ካልፈለገህ በሬው ይፈልግሃል" ብለው ሞፈር አስያዙት። እኔ ተምሬ ወንበር ያዝኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥዕል ይማራል የተባለው ልጅ ዛሬ ማኅተም ይቀርጻል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲሆን አንድም ቀን ማን አጋለጠኝ ብሎ አንሥቶብኝ አያውቅም። አሁን ግን አውቋል፤ አውቆም ሥሎታል፤ ሥሎም ሰው ፊት ቆመህ ንገርልኝ ብሎኛል። አንድ ያለኝን ጓደኛ እሑድ በስምንት ሰዓት ላጣው ነው ማለት ነው።

ያለኝ መውጫ አንድ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ያ ታሪክ በሂስ መፍረስ አለበት። ቁጭ አልልም ያልኩት ሰውዬ ሦስት ቀን ተቀምጬ አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። በክፍል ሁለት ጉም "እናት አልወለደችኝም" ብሎ ሲፎክር ሰምተነው ሳለ፣ ዛሬ ሽሮ የምትልክለት እናት ከየት መጣች? የደራሽ ካባ በክፍል አንድ የባሕታዊ ስጦታ ነበር፤ ዛሬ ከገበያ ሲገዛው እናያለን፤ ያውም ተከራክሮ። ጉም ያለ አንዲት ቃል ሁለት ገጽ ሙሉ ያለቅሳል፤ ወረቀት ተወዷል! ደግሞስ ክፋት ሁሉ እንዲህ ሰበብ እየተፈለገለት፣ "ጓደኛው ነው ያስከፋው" እየተባለ ወዴት ልንደርስ ነው? ጓደኛውን ያጋለጠ ሰው እንዴት ይበራል? እዚች ላይ ስደርስ እጄ ላብ አወጣና ብዕሩ አዳለጠኝ። ሂስ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ስለ ራስህ አንዲት ቃል ሳትናገር ለራስህ ጥብቅና መቆም ነው።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ተባለና በሚኒባስ ተሳፈርኩ። በቀኜ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ አቶ ይኸነው ይባላሉ፤ ሞጣ አካባቢ የድንበር ጠብ ሊያስታርቁ ነው የሚሄዱት። በግራዬ ወይዘሮ ዘይነባ አሉ፤ ሞጣ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከደጀን ዕቃ ጭነው የሚመለሱ ነጋዴ ናቸው። መሃል ላይ ተጣብቄ መዞር አልቻልኩም። ስለዚህ አሥራ አራቱን ገጽ አወጣሁና በለሆሳስ መለማመድ ጀመርኩ። የእኔን ለሆሳስ ግን ሾፌሩም ይሰማዋል።

"ልጄ፣ የምን ክስ ነው?" አሉ አቶ ይኸነው።

"ክስ አይደለም አባቴ፤ ሂስ ነው።"

"በማን ላይ?"

"አንድ ታሪክ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ስንቅ አብረው እየበሉ ይማሩ ነበር። አንደኛው ሌላውን አጋለጠና አስባረረው። የተባረረው ከፋ፤ ጫካ ገባ በሉት። አሁን ታሪኩ ሲነገር ጥፋቱን ሁሉ ያጋለጠው ላይ ጣሉት።"

"ታዲያ ማን ላይ ሊጥሉት ኖሯል?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። "ስንቅ አብሮ የበላ ጓደኛውን!"

ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት "ልጅ ነበር፣ ቢሳሳት ምናለበት" አሉ። ከፊት ያሉት "ሲያድግስ?" አሉ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "እኔ ብሆን ሰርጉ ላይ አልጠራውም" ብሎ ብይን ሰጠ። ወይዘሮ ዘይነባ በዚያ በዝናብ ባለቀሰው ልጅ አዝነው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ደግሞ በደስታ ለሁሉም እመልስ ነበር፤ ደራሽ እንደሚበር መናገሩን የረሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ትዝ ያለኝ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ነው።

"የሚበር?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። "ሥዕል ነው? በሥዕል ነው ያስለቀስከኝ?"

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይኸነው ብቻ አልሳቁም።

"ይብረር" አሉ። "የሚበርም ሰው ይበድላል። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነው፤ የኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰችም። ያ ያጋለጠው ልጅ ይቅርታ ጠየቀ ወይስ አልጠየቀም?"

"መጽሐፉ ላይ?"

"የትም ይሁን።"

"አልጠየቀም።"

"ታዲያ ሥዕል ከሆነ አንተን ምን ያልብሃል?"

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ልብሴ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔን ብቅል ሳልቀምስ የአቶ ይኸነው ዝምታ በቃኝ። ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ድረስ ከከሰሉ እስከ መሳቢያው አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ሲያልቅ ወይዘሮ ዘይነባ "አይ አንተ" ብቻ አሉኝ። ከስድብ ባሰብኝ።

አቶ ይኸነው ሥርዓቱን አስረዱኝ። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል። ተበዳይ "ይቅር ብያለሁ" ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። የድንበሩ ሰዎች ትንሽ ይጠብቁናል፣ እኔ አብሬህ እገባለሁ አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ሱቃቸውን ሊያሰፉ መሠረት እያስቆፈሩ ስለሆነ ድንጋይ በሽ ነው። አንዱን እያነሡ ሌላውን እየጣሉ ረጅም ጊዜ መረጡ። እኔ ለስለስ ያለች፣ ጠፍጠፍ ያለች አየሁና ጠቆምኳቸው።

"እሷማ የአንድ ቀን ቅያሜ ናት" አሉና ከሥሯ ያለውን ጎርበጥባጣ አሸከሙኝ።

ምረቃው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። አርባ ወንበር ተደርድሮ አሥራ ሰባቱ ላይ ሰው ተቀምጧል። ታደለ ሱፍ ለብሷል፤ ሱፍ ለብሶ ሳየው ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ አንጀቴን በላኝ። አቶ ይኸነው ድንጋዩን ከበሩ ውጭ አስቀመጡና ሹክ አሉኝ፣

"አንተ ወረቀትህን አንብብ። ሰዉ ሲበተን እኔ እገባና ልቡን አለዝባለሁ። ስጠራህ ትመጣለህ። እስከዚያ ግን ዝም።"

ዝም! ለእኔ!

አስተዋዋቂው ጠራኝ፤ ወጣሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ስለ ሽሮዋ ስናገር ሰዉ ሳቀ። ስለ ካባው ስናገር ታደለ ራሱ ሳቀ። "ጓደኛውን ያጋለጠ ሰው እንዴት ይበራል?" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመና ጸጥታ ሆነ። ታደለ ዓይን ዓይኔን ያያል። እግሬ ተነሣ። ወረቀቱን በትኜ ወደ በሩ ሮጥኩ፣ ድንጋዩን አነሣሁ፣ ማጅራቴ ላይ ጫንኩ፣ በወንበሮቹ መካከል እየተንገዳገድኩ ሄጄ ታደለ እግር ላይ ወደቅሁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። "ደራሽን ሆኖ ነው የሚሠራው!" አለ አንዱ። ስልኮች ተነሡ። አንዲት ልጅ "ድንጋዩ ካርቶን ነው" ብላ ለጓደኛዋ ስታስረዳ እሰማለሁ።

"አንተ፣ ምን ሆነሃል?" አለ ታደለ፣ አሁንም እየሳቀ።

"ይቅር በለኝ። እንዳወቅህ አውቄያለሁ።"

"ምኑን?"

ያቺን "ምኑን" ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አሁንም እንደ ያኔው አፌን መግታት አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ ያጋለጥኩህ። ለዳይሬክተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ከፊቱ ቀስ እያለ ጠፋ። ጭብጨባውም ቆመ። ከበሩ በኩል አቶ ይኸነው "አይ ልጄ፣ አይ ልጄ፣ ሽማግሌ ሳይገባ ድንጋይ ይገባል?" ሲሉ ሰማሁ።

"አንተ ነህ?" አለ ታደለ።

"ገጽ ሃያ አንድ ላይ ሥለኸኝ የለም እንዴ!"

"እሱንማ ፈጥሬው ነው! ሰዉ ሁሉ ጉም ለምን ከፋ እያለ ጨቀጨቀኝ። እውነቱን ብሥል ያጋለጠኝ ዘበኛው አያ ምትኩ ነበር የሚሆነው። ዘበኛ ደግሞ ለታሪክ አይሆንም፤ ከጓደኛ ካልመጣ አያምም ብዬ ነው ደራሽን ያደረግኩት።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ሰምታችኋል። የእኛ ተገለበጠ፤ የተወጋው ማን እንደወጋው ሳያውቅ፣ የወጋው ሃያ ዓመት ሲያስብ ኖረ፤ በመጨረሻም ሳይጠየቅ ራሱን ወጋ። ታደለ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሱፉ በድንገት ሰፋበት።

"አያ ምትኩ ያን ቀን በር ላይ ከሰል የነካውን እጄን አይቶ ነበር" አለ። "ሌላ ያየኝ ስለሌለ እሱ ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም። ቢቸና ስመጣ በደጁ አልፋለሁ፤ ቆሞ ያየኛል፤ ፊቴን አዞራለሁ። ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩትም።"

በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንጋዩ አንገቴን ወደ መሬት ገፋኝ።

"ይቅር በለኝ" አልኩ እንደገና።

"አልችልም" አለ ታደለ። ተቆጥቷል፤ ታደለ ሲቆጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። "ከእኔ በፊት ወረፋ የያዘ ሰው አለ። እሱ ሳይምር እኔ ምን ብዬ እምራለሁ?"

አቶ ይኸነው ገብተው መሃላችን ቆሙ። "ልክ ነው" አሉ። "ነገ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ሁለታችሁም ትሸከማላችሁ።" በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ወይዘሮ ዘይነባ ሁለተኛ ድንጋይ ሊያመጡ ሄዱ።

በማግስቱ ታደለና እኔ ድንጋዮቻችንን ጭናችን ላይ አድርገን ወደ ቢቸና ተሳፈርን። አቶ ይኸነው የድንበሩን ጠብ ለሌላ ቀን ቀጥረው ከፊት ተቀመጡ። ረዳቱ "እነዚህስ ምንድን ናቸው?" ብሎ የዕቃ ሒሳብ ተቀበለን። መንገዱን ሙሉ ታደለ በመስኮት ያይ ነበር፤ እኔ እሱን አይ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ተቀምጬ ስስቅ እንዴት እንደቻልኩበት አላውቅም። አፈርኩ።

አያ ምትኩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። አቶ ይኸነው ቀድመው ቀረቡና ነገሩን ከሥሩ አስረዷቸው። ከዚያ ተጠራን። ጎን ለጎን ወደቅን። አያ ምትኩ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝምታ መሃል ዝም አልኩ።

"ታደለ" አሉ በመጨረሻ። "ሚስቴ ስትሞት አገሩ ሁሉ ሲመጣ አንተ ቀረህ። ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ሳስብ ኖርኩ። ምንም አጣሁ። ለካስ ምንም አልበደልኩህም፤ ተገላገልኩ። ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ተነሥ ልጄ።"

ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራቱ አወረዱለት። አቀፉት። ታደለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ አንገቴን አመቻቸሁ።

"አንተ ደግሞ" አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ "በዚህ በር ባለፍህ ቁጥር ጎንበስ ብለህ ሰላም ትለኝ ነበር። ለዓውዳመት ስኳር ይዘህልኝ ትመጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድ እሱ ሰው ወጣው እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር።"

"ይማሩኝ አያ ምትኩ።"

ከላይ ሆነው ብዙ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

"እሱን ድሮም አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ማርኩት" አሉ። "ላንተ ግን ጊዜ ስጠኝ ልጄ። አንተን ገና ዛሬ ማወቄ ነው።"